ምግቡ ቀርቦ ስልክ ማውጣት፦ የአጎቴን ጥያቄ መመለስ አቃተኝ

የጣና_ዳር (ባህር ዳር)፣ ሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

አጎቴ ከአዴት ለሕክምና መጥተው ነበር። ምግብ እንቢ ካላቸው ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። ሐኪም ዘንድ ጨርሰን መድኃኒቱን ከገዛን በኋላ "ዛሬ አሳ ነው የምጋብዝዎት" ብዬ ጣና ዳር ካሉት አሳ ቤቶች ወደ አንዱ ይዣቸው ገባሁ። አንድ ሙሉ ጥብስ ቆሮሶ አዘዝን፤ ጎላሽም ጨመርን። እጃችንን ታጠብን።

አሳው ሲመጣ ያምራል። ጎንና ጎኑ ተሰነጣጥቆ፣ ቆዳው ቀላ ብሎ፣ ሎሚና ዳጣ አጠገቡ። እኔ ተነሳሁ። ከላይ አነሳሁት፣ ከጎን አነሳሁት። ሎሚውን አዞርኩ። ውኃው ከኋላ እንዲታይ ሳህኑን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀና ስል አጎቴ የታጠበ እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ይጠብቁኛል።

"ምነው ልጄ፣ ጉድለት አለበት እንዴ?" አሉኝ። ምግቡ ተበላሽቶ የምመረምረው መስሏቸዋል።

"አይ፣ ሰው እንዲያየው ነው" አልኳቸው።

"የትኛው ሰው?"

"ፌስቡክ ላይ ያሉት ጓደኞቼ።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "ስንበላ ያየንን ሰው እኮ እንብላ ነው የምንለው። እነዚህን እንዴት አድርገሽ ነው እንብላ የምትያቸው?" አሉኝ።

በቁጣ አልነበረም። እውነት ጠይቀውኝ ነው። መልስ አጣሁ። አሳው በርዶ ነበር፤ ያን ለታም ብዙ አልበሉም። ፎቶውን ማታ ለጠፍኩት፤ ሰውም ወደደው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የማየው በፎቶው ውስጥ የሌለውን፣ ያን የተንጠለጠለ እጅ ነው።

እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ትልቅ ሰው ፊት ታነሳላችሁ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የቡሬ_ልጅ (አዲስ አበባ)፣ ሰኞ ማታ 3፡05

እህቴ፣ አይክፋሽ። እኔ አነሳለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ከሥሩም "እንብላ" ብዬ እጽፋለሁ። ከልቤ ነው የምጽፈው።

አዲስ አበባ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። በዓል ሲደርስ እህቴ የእናታችንን መሶብ አንስታ ትልክልኛለች። ዶሮ ወጡ፣ እንቁላሉ፣ ከጎን ጠላው በጣሳ። ያን ሳይ ወጡ ስንት ሽንኩርት እንደገባበት ሁሉ ይታወቀኛል። ኔት ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት ከቤት አንድም ፎቶ አልመጣልኝም ነበር። መልሶ ሲከፈት መጀመሪያ የደረሰኝ ፎቶ የሽሮ ነው። ተራ ሽሮ፣ በተራ ድስት። አለቀስኩ። "ደህና ናቸው፣ እየበሉ ነው" ማለት ነበርና።

ስለዚህ የምግብ ፎቶ ሁሉ ጉራ ነው ብላችሁ አትነሱ። ሰው ርቆ ሲኖር ማዕዱ የሚደርሰው በዚህ ነው።

ሞጣ_በር (ሞጣ)፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡40

የቡሬው ወንድሜ ያልከው ገብቶኛል። ግን እናት ለልጇ የምትልከውና ለማያውቁት ሺህ ሰው የሚለጠፈው አንድ አይደለም።

እንብላ ቃል ብቻ አይደለም። እኛ አገር መንገደኛ ደጅ ሲያልፍ "እንብላ" ሲባል የተቀመጠው ሰው ጠጋ ጠጋ ይላል። ቦታ ይለቀቃል። አላፊው "ይባረክ" ብሎ ያልፋል፣ ወይም እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። ሁለቱም ይችላል። ስልክ ላይ ጠጋ የሚል ማን አለ? የጤፍ ዋጋ ይሄን በደረሰበት ጊዜ፣ ከሚያዩት ውስጥ ቁርሱን ሳይበላ የዋለ ይኖራል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። የሚጾም ሰው ስልኩን ሲከፍት ጥብስ እየተንቸሰቸሰ ይጠብቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። መሶብ ክዳን ያለው ያለ ነገር አይደለም። ድሮ ምግብ ተሸፍኖ ነው ከቤት ቤት የሚሄደው። እናቶቻችን ዓይን ይፈራሉ፤ ቡዳ ይበላዋል ይላሉ። ዛሬ ክዳኑን ከፍተን ለዓለም እናሳያለን።

የሸክላ_ልጅ (ከጎጃም)፣ ማክሰኞ ጠዋት 4፡15

አያ ሞጣ በር፣ ስለ እንብላ የጻፉት ልቤን ነክቶታል። ስለ መጨረሻው ግን ዝም ማለት አልችልም።

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ምጣድ፣ ድስት፣ ጀበና፣ ሁሉንም በእጇ። ገበያ አውጥታ የምትሸጥላቸው ሰዎች በእሷ ምጣድ እየጋገሩ ከእሷ ጋር ግን ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ምክንያቱም "ቡዳ ናት" ይባል ነበር። ሸክላ ሠሪውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም በዚህ ወሬ ስንት ዘመን ተገለለ። እናቴ በልጅነቷ ድግስ ላይ ለብቻዋ በቅጠል ተሰጥቷት እንደበላች ነግራኛለች።

ዛሬ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሽሮውንና ጥብሱን በሸክላ አድርጎ ያቀርባል። በፎቶው ላይ ከምግቡ እኩል የሚያምረው ያ ሸክላ ነው። እኔ ፎቶ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ሸክላውን ነው። ከንፈሩ እንዴት እንደተሠራ፣ ጢሱ የት እንደነካው። ማን እንደሠራችው የሚጽፍ ግን አላየሁም።

ክዳኑ ለአቧራና ለዝንብ ነው፣ ትኩሱን ለመጠበቅ ነው። ማዕድ ማክበር ደስ ይለኛል። ሰው በመፍራት ግን አይሁን።

ሞጣ_በር (ሞጣ)፣ ማክሰኞ ቀን 6፡30

ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የሰማሁትን ነው የደገምኩት። የማንን ቁስል እንደሚነካ አላሰብኩም። ጽሑፌን አላጠፋውም፣ መልስሽ አብሮት እንዲነበብ። ቃሉን ግን አንስቻለሁ።

ባለ_ምግብ_ቤቷ (ደብረ ማርቆስ)፣ ማክሰኞ ማታ 3፡50

ሥራ ጨርሼ አሁን ነው ያነበብኩት። ከኩሽና በኩል ያለውንም ስሙ።

እኔ ፎቶ አነሳችሁ ብዬ ተቆጥቼ አላውቅም። ምግብ ቤቴ ዋናው መንገድ ላይ አይደለም፣ ወደ ውስጥ ነው። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ "በየት አገኛችሁን?" እላለሁ። "ቲክቶክ ላይ አይተን" ይላሉ። ዓርብ ዓርብ በያይነቱ ፈላጊው ብዙ ነው። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ስር፣ ሱፍ፣ ስልጆ፣ ሁሉም በየመልኩ ነጭ እንጀራ ላይ ሲደረደር እኔም ራሴ ቆሜ አየዋለሁ። ይነሳ እንጂ!

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሽሮዬን እየተንተከተከ ነው የማወጣው። ፎቶ ሲነሳ ይቆያል፣ ላዩ ቆዳ ያወጣል። ጥብሱ ሲበርድ ቅባቱ ይረጋል። ከዚያ "ቀዝቃዛ ነው" ተብሎ ይመለሳል። አሙቄ ሳመጣው ደግሞ የመጀመሪያው ጣዕም የለም። ቀዝቃዛ ሽሮ አቀረበች ተብሎ የሚወራው ግን የእኔ ስም ነው።

ሁለተኛ፣ "እለጥፍብሻለሁ" የሚሉ አሉ። አንድ ጊዜ አራት ሆነው መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። ሒሳብ ሲመጣ አንዱ ብዙ ተከታይ እንዳለው ነገረኝና ካልቀነስኩለት መጥፎ ነገር እንደሚጽፍ አስታወቀኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሱ ሁለት ሴቶች ናቸው ያን ምግብ የሠሩት። አልቀነስኩም። ጻፈ። ለሁለት ሳምንት ገበያው ቀዘቀዘ።

ሦስተኛው የእኛ የባለቤቶቹ ጥፋት ነው። ከኢንተርኔት የሰው አገር በርገርና ፒዛ አውርደን ባነር ላይ እናሳትማለን። ደንበኛው ያን አይቶ ያዛል፣ የሚመጣለት ሌላ ነው። እኔም መጀመሪያ ስከፍት አድርጌዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ባነሩን በጣታቸው እያሳዩ "ይሄ የት አለ?" አሉኝ። በማግሥቱ አወረድኩት። አሁን ሜኑዬ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ከራሴ ኩሽና የወጣ ነው። እንደ በርገሩ አያብለጨልጭም፤ ግን የሚመጣው እሱው ነው።

የጣና ዳር እህቴ፣ አጎትሽ እግዚአብሔር ይማርልሽ። መብላት ጀመሩ?

አስተናጋጅ_ነኝ (ባህር ዳር)፣ ረቡዕ ጠዋት 2፡10

እትዬ ባለ ምግብ ቤቷ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ትኩስ ሸክላ በትሪ ይዤ ስመጣ "ቆይ፣ ቆይ፣ ቪዲዮ እየቀረጽን ነው፣ ቀስ ብለህ አስቀምጥ" ይሉኛል። አንዳንዴ "ድገመው" ይላሉ። ከትሪው በታች ያለችው እጄ ናት። ከኋላዬ ሌላ ሦስት ጠረጴዛ ይጠብቃል።

ፊቴም ቪዲዮው ውስጥ ይገባል። የጠየቀኝ ሰው ስንት ነው? ሁለት። ሁለቱንም አስታውሳቸዋለሁ።

የሕግ_ተማሪ (ደብረ ማርቆስ)፣ ረቡዕ ቀን 7፡00

አስተናጋጁ ወንድሜ ያነሳው ነገር ሕግ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 ላይ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይናገራል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል። የታወቀ ሰው፣ የሕዝብ ሥራ ያለው ሰው፣ በአደባባይ የተደረገ ክንውንና የመሳሰሉት። በአጠገብህ ጠረጴዛ ቁጭ ብሎ ምሳውን የሚበላ ሰው ከእነዚህ ውስጥ ነው ለማለት ግን ይከብዳል። ሰው አብሮት የሚበላውን ሰው ማሳየት ላይፈልግ ይችላል፤ ምክንያቱን መናገር አይጠበቅበትም።

በሌላ በኩል ያነሳችሁት ፎቶ የእናንተ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል፤ ግን የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ሲኖርበት ነው። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ቤት እኔ ያነሳሁትን የክትፎ ፎቶ ሳይጠይቀኝ በራፉ ላይ በትልቁ አሳትሞ ሰቅሎት አገኘሁ። ቢጠይቁኝ በነጻ እሰጣቸው ነበር። ያናደደኝ አለመጠየቃቸው ነው።

የፎቶ_ሰው (ባህር ዳር)፣ ረቡዕ ማታ 1፡45

ሥራዬ ሠርግና ምርቃት ማንሳት ነው፤ ምግብም አነሳለሁ። እስካሁን ከተባለው ሁሉ እኔን የነካኝ የአጎትሽ እጅ ነው። ሰው እጁን ታጥቦ አይጠብቅም። ስለዚህ በሃያ ሰከንድ እንዴት እንደሚጨረስ ልንገራችሁ። የሚቆየው ሰው የሚቆየው ምግቡ ከመጣ በኋላ ማሰብ ስለሚጀምር ነው።

ሥራው የሚያልቀው ምግቡ ከመምጣቱ በፊት ነው። ስትገቡ መስኮት ዳር ወይም በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ቀይ ወጥ በቢጫ አምፖል ሥር ቡናማ ጭቃ ይመስላል፤ በቀን ብርሃን ግን በርበሬው ይታያል። ፍላሽ አትንኩ፣ ቅባቱን ያብለጨልጨዋል። ምግቡ እስኪመጣ የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ቀኑን ሙሉ በጣት ቅባት ተሸፍኖ ነው የሚውለው፤ ፎቷችሁ ጉም የለበሰ የሚመስለው በዚያ ነው።

ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ወስኑ። በያይነቱ ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ ቀጥታ ከላይ ነው። ሙሉ አሳና ዶሮ ወጥ ግን ቁመት አላቸው፤ ተቀምጣችሁ ከምታዩበት ከፍታ አንሱ። መነሳትም አያስፈልግም። ስልኩን ሳህኑ ላይ አትደፉት። ቅርብ ሲሆን ጠርዙ ይጣመማል፣ የራሳችሁም ጥላ ይወድቅበታል። ራቅ በሉና በካሜራው ዙም ሁለት እጥፍ አቅርቡ።

እንጀራ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። የቢቸና ነጭ ጤፍ ስክሪኑን ሲሞላው ስልኩ "ብርሃን በዛ" ብሎ ያስብና ያጨልመዋል። ነጩ እንጀራ ግራጫ ይሆናል። ስክሪኑን ነካ አድርጉና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፏት። ለሰርገኛ ጤፍ ደግሞ ትንሽ ወደ ታች።

ጣና ዳር ለምትቀመጡ፣ ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ግድም ፊታችሁን ወደ ውኃው ካዞራችሁ ፀሐይ ከግራ ጎን ትመጣለች። የአሳው ስንጥቅ ጥላ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ በቃ። ስልኩን ገልብጣችሁ አስቀምጡ።

መምህር_ነኝ (እንጅባራ)፣ ረቡዕ ማታ 3፡30

የፎቶ ሰው "ስልኩን አስቀምጡ" ያለውን ጥናትም ይደግፈዋል። ሊንዳ ሄንክል የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት አለ። ሙዚየም ጎብኚዎች ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች፣ ዝም ብለው ካዩዋቸው ይልቅ አሳንሰው ነበር ያስታወሱት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ፎቶ የሚያነሳ ሰው በሚያደርገው ነገር ይበልጥ እንደሚደሰት አሳዩ። ከሞከሩባቸው ሁኔታዎች አንዱ ምግብ መብላት ነበር። ካሜራው ሲያስቸግርና ሰውየውን ከነገሩ ሲያወጣው ግን ደስታው አልጨመረም።

ለእኔ ሁለቱ አይጋጩም። የጣና ዳር እህታችን ከላይ፣ ከጎን፣ ሎሚውን ማዞር ስትጀምር ከማዕዱ ወጥታለች። በአንድ ፎቶ ብታቆም እዚያው ነበረች።

የቡሬ_ልጅ (አዲስ አበባ)፣ ሐሙስ ጠዋት 1፡15

ሞጣ በር፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ጠጋ የሚል ማን አለ ያልከው ትክክል ነው። ከዛሬ ጀምሮ "እንብላ" ብዬ የምጽፈው መጥቶ ሊበላ ለሚችል ሰው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ እሑድ እኔ ቤት ሽሮ አለ። ከልቤ ነው።

የጣና_ዳር (ባህር ዳር)፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 2፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ምግብ ቤቷ እትዬ፣ አጎቴ መብላት ጀምረዋል! ትናንት ለክትትል መጥተው ነበር። ሐኪሙ ክብደታቸው ጨምሯል አለ።

ያው አሳ ቤት ሄድን። በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቆሮሶው መጣ፣ አባታችን ሆይ አሉ፣ በላን። አጎረሱኝ። እኔም አጎረስኳቸው። የአሳውን ጭንቅላት ሳይቀር ፈልፍለው በሉት። ሳህኑ ላይ አጥንት ብቻ ቀረ።

ከዚያ እጃቸውን ሳይታጠቡ "ያን ስልክሽን አታወጭም?" አሉኝ።

ደነገጥኩ። "ምን ላድርግበት?"

"ልጄ አረብ አገር ናት። በታመምኩ ጊዜ በየቀኑ እየደወለች በላህ ወይ ትለኛለች። በላሁ ስላት አታምነኝም። ይሄን አጥንት አንሺልኝ። እኔንም ከነእጄ አንሺኝ።"

አነሳኋቸው። አንድ ፎቶ ብቻ። ዳጣ የነካው እጃቸው ከፊት ነው፣ አጥንቱ ሳህኑ ላይ፣ ከኋላ ጣና። አስተናጋጁ ከጎን ስለገባ ጠየቅሁት፤ ሳቀና "ልግባ" አለ። ፎቶውን የትም አልለጠፍኩትም። ለልጃቸው ላክሁላት። በድምፅ መለሰች፤ "ይባረክ አባዬ" አለች፣ ሌላ መናገር አልቻለችም። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

የፎቶ_ሰው (ባህር ዳር)፣ እሑድ ማታ 2፡25

እግዚአብሔር ይመስገን። እህቴ፣ በቴሌግራም ከሆነ የላክሽላት እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል መልሰሽ ላኪላት። እንደ ፎቶ ሲሄድ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ለአጎትሽም አሳትሚላቸው፤ ስቱዲዮዬ ብትመጪ ከነፍሬሙ በነጻ እሠራልሻለሁ።